በወረርሽኝ ጊዜ ቤት ተዘግቶ መኖር፦ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ቤት መዋል ግዴታ ሲሆን ከወላጆችና ከባለትዳሮች ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

የእንቅስቃሴ ገደብ፣ ኳራንታይንና ለብቻ መለየት አንድ ናቸው?

አይደሉም። የእንቅስቃሴ ገደብ፣ ብዙ ሰው ሎክዳውን የሚለው፣ የታመመውንም ያልታመመውንም ቤት የሚያውል ትእዛዝ ነው። ኳራንታይን የሚገባው ከታማሚ ጋር ንክኪ የነበረው፣ ግን ይያዘው አይያዘው ገና ያልታወቀ ሰው ነው። ለብቻ መለየት ደግሞ መታመሙ የተረጋገጠ ሰው ከጤነኞች ሲነጠል ነው። ልዩነቱ ቤት ውስጥ ትልቅ ነው። በገደብ ላይ ያለ ቤተሰብ መተቃቀፍም አብሮ መብላትም ይችላል። ኳራንታይን የገባ ሰው ግን ከገዛ ቤተሰቡም መራቅ አለበት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው፣ በክሮኤሺያ የምትገኘው የራጉሳ ከተማ በ1377 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣን ሰው 30 ቀን ከከተማዋ ውጭ ታቆይ ነበር። ኋላ ቀኑ ወደ 40 ከፍ አለ። ኳራንታይን የሚለው ቃልም የመጣው አርባ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ነው። በኮቪድ-19 ጊዜ 14 ቀን የተባለው ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ እስከ 14 ቀን ሊወስድ ስለሚችል ነው።

ሁላችንም ጤነኛ ነን። ታዲያ ለምን እንዘጋለን?

ኮቪድ-19 ሰውየው ምልክት ሳያሳይም ስለሚተላለፍ ነው። ጤነኛ ነኝ ብሎ የወጣ ሰው ሳያውቀው ለሌላው ይሰጣል።

ይህንን ለቤተሰቡ በደንብ ማስረዳት ጊዜ ማባከን እንዳይመስላችሁ። በ2020 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ ኳራንታይን የተሠሩ 24 ጥናቶችን የቃኘ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ሰውን ከሚጎዱት ነገሮች መካከል የቆይታው መርዘም፣ መሰላቸት፣ የአቅርቦት እጥረትና በቂ መረጃ አለማግኘት ይገኙባቸዋል። የቆይታውን ርዝመት እኛ አንወስንም። መረጃውን ግን ቤት ውስጥ መስጠት እንችላለን። "አትውጣ ተባልክ አትውጣ" ከተባለ ልጅ ይልቅ ማንን እየጠበቀ እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ ይታገሣል። ትልቅ ሰውም እንደዚያው ነው።

ለቤቱ ጥብቅ የሰዓት ፕሮግራም ማውጣት አለብን?

ጥብቅ ባይሆን ይሻላል። እኔ መጀመሪያ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ከልጆቹ ጋር ያልተጣላሁበት ሰዓት አልነበረም። ሠንጠረዡን ሳነሣው ቤቱ ተረጋጋ።

በቦታው አራት ነገር ብቻ ቋሚ አደረግን፦ የምንነሣበት ሰዓት፣ አብረን የምንበላበት ሰዓት፣ የምንንቀሳቀስበት ሰዓትና የምንተኛበት ሰዓት። መሃሉ እንደ ቀኑ ይሆናል። ከአራቱ አንዱን ብቻ መያዝ የምትችሉ ከሆነ የመነሻውን ያዙ። ሰውነታችን ቀንና ሌሊትን የሚለየው በተለይ በጠዋት ብርሃን ነው። መጋረጃው እንደተዘጋ እስከ እኩለ ቀን የተኛ ቤተሰብ ሌሊቱን ነቅቶ ያድራል፤ በማግስቱ ደግሞ ሁሉም ተነጫናጭ ይሆናል።

እንቅስቃሴውንም አቅልላችሁ አትዩት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጠባብ ቤት ውስጥ ይህ ገመድ መዝለል፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ሙዚቃ ከፍቶ መጨፈር ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ ማለቅ የለበትም። ቀኑን ከፋፍሎ መሥራትም ያው ነው።

ለትንንሽ ልጆች ስለ በሽታው ምን እንበላቸው?

እውነቱን፣ በልካቸው። ዝም ስንል ልጅ አይረጋጋም። የደበቅነውን ከፊታችን ያነባል፤ የጎደለውን በራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። ስለዚህ ከማስረዳታችሁ በፊት ምን እንደሰማ ጠይቁት። አንዳንዱ ልጅ የተጨነቀው እናንተ ባላሰባችሁት ነገር ነው። አሻንጉሊቱም ይታመም እንደሆነ ይሆናል፤ ጓደኛው ረስቶት እንደሆነም ይሆናል።

በማርች 2020 የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኤርና ሶልበርግ ለልጆች ብቻ መግለጫ ሰጥተው ነበር። ጥያቄዎቹን የላኩት ልጆች ናቸው። ሴትዮዋ መፍራት ነውር እንዳልሆነ ነገሯቸው። እኔ ከዚያ የወሰድኩት "አትፍራ" የሚለውን ቃል መተው ነው። የፈራ ልጅ አትፍራ ሲባል ፍርሃቱን ይደብቃል እንጂ አያጣውም። "እኔም አንዳንዴ እፈራለሁ፤ ስፈራ እንዲህ አደርጋለሁ" ሲባል ግን ትከሻው ላላ ይላል።

"እንሞታለን እንዴ?" የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የማትጠብቁትን ቃል አትግቡ። "ብዙ ሰው ይድናል፤ እኛም ራሳችንን እየጠበቅን ነው፤ ብንታመም ሐኪሞች ይረዱናል፤ አንተን የሚንከባከብ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ይኖራል" በሉት። ልጁ በእውነት የጠየቀው ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ነው።

ልጄ ትቶት የነበረውን ነገር እንደገና ጀመረ። አልጋ ያረጥባል፣ ካልታቀፈ አይተኛም። ምን ሆኖ ነው?

ጭንቀት ነው። ትንሽ ልጅ "ተጨንቄአለሁ" ብሎ በቃል ስለማይናገር በሰውነቱ ይናገራል። ወደ ሕፃንነቱ መመለስ፣ መነጫነጭ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ከእናትና ከአባት አለመላቀቅ፣ ሁሉም በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚታዩ ናቸው። አትቆጡት፤ በወንድም በእኅቱ ፊትም አታሳፍሩት። ልብሱን ለውጡለት፣ እቀፉት፣ ወደ ቀድሞው የመኝታ ሥርዓቱ መልሱት። አብዛኛው ሲረጋጋ ራሱ ይተወዋል። ለሳምንታት ከቀጠለ ወይም ልጁ መብላትና መጫወት ካቆመ ግን ሐኪም አነጋግሩ።

አስተማሪ አይደለሁም። ልጆቼ ከትምህርት ወደ ኋላ ቢቀሩስ?

በኤፕሪል 2020፣ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት ድርጅት ዩኔስኮ እንዳስታወቀው፣ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ተማሪ በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ነበር። ልጃችሁ ብቻውን ወደ ኋላ አልቀረም። ይህ ችግሩን አያጠፋውም፤ ሸክሙን ግን ከእናንተ ትከሻ ትንሽ ያነሣል።

ክፍል ውስጥ የሚሰጠውን የስድስት ሰዓት ትምህርት እቤት ለመድገም አትሞክሩ። አንድ ለአንድ ሲሆን ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ልጁም ቶሎ ይደክማል። ለትንንሾቹ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ ሌላ ዙር ይበቃል። ከባዱን ትምህርት ጠዋት አድርጉት። የሚላከው የቤት ሥራ ከአቅም በላይ ከሆነ መምህሩን "የግድ የሚያስፈልገው የቱ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኞቹ መምህራን ይህንን ጥያቄ በደስታ ነው የሚቀበሉት።

ኢንተርኔት ከሌለ ወይም ስልኩ አንድ ብቻ ከሆነ ንባብን አጥብቃችሁ ያዙ። በየቀኑ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ያነበቡትን በራስ አባባል መልሶ መንገር፣ አንድ አንቀጽ መጻፍ። ሒሳቡ ዕቃ በመቁጠርና በመስፈር ይገኛል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በትምህርት የተነሣ በየቀኑ ከልጅ ጋር መጣላት ካመለጠ ምዕራፍ የበለጠ ያስከፍላል። ምዕራፉ ኋላ ይሸፈናል።

ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ ናቸው። ስንት ሰዓት ልፍቀድ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉት ጨርሶ ባይሆን ይላል። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ። ለትልልቆቹ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም፤ ትምህርቱም ጓደኛውም ስክሪን ውስጥ ሲገባ ቁጥሩ ራሱ ትርጉም ያጣል። ከአያት ጋር በቪዲዮ ማውራትና ብቻን ተቀምጦ ቪዲዮ ማየት አንድ አይደሉም፤ አትደምሯቸው።

ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ምን እንደተተወ እዩ። እንቅልፉን፣ እንቅስቃሴውን፣ አብሮ መብላቱን እየበላ ከሆነ በዝቷል። ስልክ ሁሉ፣ የወላጅም ጭምር፣ ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። ወላጅ አልጋ ላይ ስልኩን ይዞ ልጁን ቢከለክል ማንም አይሰማውም።

አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለው ልጄ በሩን ዘግቶ ይውላል፤ ሌሊት ነቅቶ ያድራል። ልተወው ወይስ ልጫነው?

ግማሹ የዕድሜው ነው። በጉርምስና ሰውነት የእንቅልፍ ሆርሞኑን የሚያመነጨው አምሽቶ ስለሆነ ቶሎ አለመተኛቱ ስንፍና አይደለም። በድምሩ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛቱን እዩ እንጂ ከትንንሾቹ እኩል ይነሣ አትበሉ። ግን የቀኑን ብርሃን እስኪያጣ ድረስ አትተዉት።

የተቀረው ግማሽ ሐዘን ነው። ጓደኞቹን፣ ምርቃቱን፣ ጨዋታውን፣ ምናልባትም የሚወዳትን ልጅ አጥቷል። "ይሄማ ምን አላት፣ ሰው እየሞተ ነው" አትበሉት። ለእርሱ ዓለሙ ያ ነበር። ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመጠየቅ ጎን ለጎን ሆኖ መሥራት ይሻላል፤ ዕቃ እያጠባችሁ፣ ልብስ እያጠፋችሁ ይናገራል። ደግሞ እውነተኛ ኃላፊነት ስጡት። የአያቶቹን ስልክ የሚደውል፣ የታናሹን ሒሳብ የሚረዳ ልጅ በሩን መክፈት ይጀምራል።

ቤት ሆኜ እየሠራሁ ልጆቹ ሥራ አላስይዝ አሉኝ። እንዴት ይቻላል?

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በሙሉ አቅም መሥራት አይቻልም። ይህንን ለራሳችሁም ለአለቃችሁም ብትናገሩ ይሻላል። ሁለት አዋቂ ካላችሁ ፈረቃ አውጡ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው የልጆቹ ነው፣ በሰዓቱ ይለዋወጣሉ። ብቻውን የሚያሳድግ ሰው ግን ፈረቃ የሚጋራው የለም። ትኩረት የሚፈልገውን ሥራ ልጆቹ ከመነሣታቸው በፊት ወይም ሲተኙ፣ ቀላል ቀላሉን ሲጫወቱ ማድረግ ነው ያለው አማራጭ።

አንድ የጠቀመን ነገር አለ። ሥራ ከመጀመር በፊት ለልጁ 15 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ መስጠት። ስልክ ሳይነኩ። ጠግቦ የተነሣ ልጅ ለተወሰነ ጊዜ ብቻውን ይጫወታል። ትኩረት የተራበ ልጅ ግን በየአምስት ደቂቃው ይመጣል።

የቤቱ ሥራ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። ጭቅጭቅ ሳላስነሣ እንዴት ላካፍል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሴቶች። ሁሉም ቤት ሲውል ሥራው ያድጋል። ብዙ ይበላል፣ ብዙ ይቆሽሻል፣ ቤቱ መማሪያ ክፍልም ቢሮም ይሆናል። ሥራው አድጎ ክፍፍሉ እንደ ድሮው ከቀረ አንድ ሰው ይሰበራል።

ወረቀት አውጡና ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፉ። በእጅ የሚሠራውን ብቻ አይደለም፤ በጭንቅላት የሚሠራውንም። ሳሙና ማለቁን ማን ያያል? የልጁ መድኃኒት ሰዓት ትዝ የሚለው ማንን ነው? ነገ ምን እንደሚበላ ማን ያስባል? ይህ ክፍል ተጽፎ እስኪታይ ድረስ ሌላው ሰው መኖሩን አያውቀውም። እያወቀ የሚበድል አለ። ያላየ ግን ከእርሱ ይበዛል።

ከዚያ ሥራውን ከነሐሳቡ አካፍሉ። "አግዘኝ" ማለትና "እራት ያንተ ነው" ማለት አንድ አይደሉም። አግዘኝ ሲባል ሐሳቡ አሁንም የእናንተ ነው። እራት የእርሱ ከሆነ ግን ምን እንደሚበላ ማሰቡም፣ ዕቃው መኖሩን ማየቱም፣ ኋላ ማጽዳቱም የእርሱ ነው። እናንተ ደግሞ እንደ እናንተ ስላልሠራው መልሳችሁ አትውሰዱት። የአምስት ዓመት ልጅ ካልሲ ማጣመድ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ወለል መጥረግ ይችላል።

ከባለቤቴ ጋር በትንሹም በትልቁም እንጣላለን። ትዳራችን እየፈረሰ ይሆን?

ላይሆን ይችላል። ጥንዶች ቀድሞ በቀን የተወሰነ ሰዓት ይለያዩ ነበር። አንዱ የሥራ ቦታውን ብስጭት መንገድ ላይ ጥሎ ይገባ ነበር። አሁን መንገዱ የለም። ቁርሹ ሳይበርድ ሌላ ይደረብበታል። ብርጭቆ አስቀመጥክ፣ ድምፅሽ ከፍ አለ፣ በሩን ለምን ዘጋህ በሚል የሚነሣ ጠብ ከብርጭቆው ጋር ብዙም ግንኙነት የለውም።

መጀመሪያ ለየብቻ የምትሆኑበትን ጊዜ አስቡ። በቀን አንድ ሰዓት እንኳን ቢሆን እያንዳንዱ ሰው የማይጠራበት ጊዜ ይኑረው። ይህ መኮራረፍ አይደለም፤ ቀድሞ ተነጋግራችሁ የምትሰጣጡት ነው። ሁለተኛ፣ ንዴቱ ከፍ ሲል ክርክሩን ለማሸነፍ አትሞክሩ። "አሁን አልችልም፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንነጋገር" በሉና በተባለው ሰዓት ተመለሱ። ሳይመለሱ መቅረት ኩርፊያ ይሆናል፤ ኩርፊያ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ ሲዘጋ ለልጆቹም ይተርፋል።

እኛ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹ ሲተኙ ሁለት ጥያቄ እንጠያየቅ ነበር፦ "በዚህ ሳምንት ምን ከበደህ?" እና "እኔ ምን ባደርግ ይቀልህ ነበር?" መልሱን ሳናቋርጥ መስማት ነው ሕጉ። አንዳንዱ ሳምንት ከባድ ነበር። ግን ብርጭቆው ማጣላቱን አቆመ። ትልልቅ ውሳኔዎችን፣ መለያየትንም ጨምሮ፣ የሚያስቸኩል አደጋ እስከሌለ ድረስ ከገደቡ በኋላ ብታቆዩ እመክራለሁ።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ብቻዬን የምሆንበት ቦታ ከየት ላምጣ?

ቦታ ከሌለ በሰዓትና በምልክት ተካፈሉት። አንድ ወንበር ወይም አንድ ጥግ "የዝምታ ቦታ" ተብሎ ይሰየም፤ እዚያ የተቀመጠን ሰው ማንም አያናግርም። ጆሮ ላይ የተሰካ ማዳመጫ እንደ ተዘጋ በር ይቆጠር። መጋረጃ ወይም አንሶላ መስቀልም የዓይን እረፍት ይሰጣል። ገደቡ ከፈቀደ በየተራ ወጣ ብሎ መመለስ ከሁሉም ይበልጣል።

ዜናው ልቤን አደከመው። ባልሰማም እፈራለሁ።

በቀን ሁለቴ፣ ከታወቀ ምንጭ፣ ከመኝታ በፊት ያልሆነ ሰዓት ላይ ስሙ። ይበቃል። በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚዞረውን "ሐኪም ወዳጄ እንደነገረኝ" የሚል የድምፅ መልእክት አታስተላልፉ። በቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ትልቅ ሰው ቢልከው በሁሉ ፊት ከማረም በግል መደወል የተሻለ ነው። ልጆች ባሉበት ቴሌቪዥኑ የሟቾችን ቁጥር ሲቆጥር አይዋል።

ቤቱን እስከ ምን ድረስ እናጽዳ?

እጅን በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ መታጠብ ከሁሉም ይቀድማል። ሳኒታይዘር ከሆነ አልኮሉ ከ60 በመቶ ያላነሰ ይሁን፤ ልጆች ከማይደርሱበትም ይቀመጥ፣ ቢጠጣ ይመርዛል። መስኮት ክፈቱ። በረኪናን ከአሞኒያ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

ወላጆቼ አርጅተዋል፣ ብቻቸውን ናቸው። መሄድም አለመሄድም አስጨነቀኝ።

ኮቪድ-19 ከሁሉም በላይ የጎዳው በዕድሜ የገፉትን ነው። ብቸኝነትም ግን ይጎዳል። አስፈላጊ ዕቃ በር ላይ አድርሶ ራቅ ብሎ ማውራት፣ መስኮት ሥር ቆሞ መታየት፣ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ስልኩ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። "ሲመቸኝ እደውላለሁ" የተባለ ወላጅ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲያይ ይውላል።

ስትደውሉ "እንዴት አደራችሁ፣ ተጠንቀቁ" ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። አንድ ነገር ጠይቋቸው፤ ምክር፣ የድሮ ታሪክ፣ ለልጅ የሚነገር ተረት። ሰው ሌሎች የሚጠብቁት ሸክም ብቻ የሆነ ሲመስለው ይደክማል። ሲፈለግ ግን ይበረታል። የሚወስዱት መድኃኒት ስንት ቀን እንደሚበቃም ጠይቁ። ብዙዎቹ "አለኝ" ይላሉ፤ እናንተ ግን ፍሬውን አስቆጥሯቸው።

ገቢያችን ተቋረጠ። ለልጆች እንንገራቸው?

ንገሯቸው፣ በአጭሩ። "አሁን ገንዘብ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ነገር አንገዛም። ለአስፈላጊው እናንተ አትጨነቁ፣ የእኛ ሥራ ነው።" ካልተነገራቸው ክልከላውን እንደ ቅጣት ይወስዱታል። ስለ ዕዳ የምታደርጉትን ከባድ ንግግር ግን ከተኙ በኋላ አድርጉት። ከአከራይ፣ ከአበዳሪ ጋር መነጋገር ካለባችሁ ቀኑ ሳያልፍ አስቀድማችሁ ቅረቡ። ያኔ የሚሰማችሁ ጆሮ ይገኛል።

የልጄ የክትባት ቀን ደርሷል። ይቆይ ወይስ እንሂድ?

ወደ ጤና ተቋሙ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙና ሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንዳስታወቁት በ2020 መደበኛ ክትባት ያመለጣቸው ሕፃናት 23 ሚሊዮን ነበሩ። ኩፍኝ ወረርሽኙ እስኪያልቅ አይጠብቅም። የእርግዝና ክትትልና የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ክትትልም እንዲሁ አይቋረጥ።

አንዳችን ብንታመም ቤት ውስጥ እንዴት እናስታምም?

ከመታመማችሁ በፊት ተነጋገሩ። ማን ያስታምማል? አስታማሚው ቢታመም ማን ይተካል? ልጆቹን ማን ይይዛል? ይህንን በትኩሳት መካከል መወሰን ከባድ ነው።

አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን፤ ጤነኛና በዕድሜ ያልገፋ። ታማሚው የራሱ ክፍል ይኑረው፤ ካልተቻለ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፣ መስኮት ይከፈት። ሁለቱም ጭምብል ያድርጉ። ዕቃው ለብቻ ይሁን፤ በሳሙና ከታጠበ ይበቃል፣ መጣል የለበትም። የምታጠባ እናት ብትያዝ፣ እጇን ታጥባና ጭምብል አድርጋ ማጥባቷን እንድትቀጥል የዓለም ጤና ድርጅት መክሯል።

እነዚህን ስታዩ አትጠብቁ፦ ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ የደረት ሕመም፣ ግራ መጋባት፣ ለመንቃት መቸገር፣ የከንፈር መጥቆር ወይም መገርጣት። ኦክሲጅን መለኪያ ካላችሁ ቁጥሩ ከ94 በታች ሲወርድ ሐኪም አማክሩ፤ ከ90 በታች ከሆነ አሁኑኑ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። በሩ ተዘግቶ የተኛ ሰው ይፈራል። በር ላይ ቁሙና አናግሩት። ልጆቹ ሥዕል በበሩ ሥር ያሳልፉለት። መለየት ማለት መተው እንዳልሆነ በየሰዓቱ ይወቅ።

ሰው ሞተብን፤ መሰናበትም ተሰብስቦ ማልቀስም አልቻልንም።

ይህ ሐዘን ሁለት ነው። ሰውየውን አጣችሁ፣ የመሰናበቻውንም ሰዓት አጣችሁ። "በቃ፣ ጊዜው ነው" ብላችሁ አትለፉት። የተፈቀደውን ያህል አድርጉ፤ በስልክ ተሰባሰቡ፣ በየተራ ስለ እርሱ አንድ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ፎቶውን አውጡ። በአካል የምትሰበሰቡበትን ቀንም ቃል ግቡ፤ ገደቡ ሲነሣም ቃላችሁን ጠብቁ። በመጨረሻው ሰዓት አጠገቡ ባለመሆናችሁ ራሳችሁን የምትወቅሱ ከሆነ፣ የራቃችሁት ወዳችሁ እንዳልሆነ እርሱም ያውቅ ነበር።

ልጆች ፊት ማልቀስ ይቻላል። ለምን እንደምታለቅሱ ግን ንገሯቸው፤ አለዚያ በራሳቸው ጥፋት ይመስላቸዋል።

ድካም ነው ወይስ ድብርት? በምን ልለየው?

ድካም በእረፍት ይቀንሳል። ድብርት አይቀንስም። ቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ማዘን ወይም የሚወዱት ነገር ሁሉ አለማስደሰቱ፣ ከእንቅልፍና ከምግብ ለውጥ ጋር፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ባለሙያ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ በስልክም ይሆናል። መሞትን ማሰብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። ያንኑ ቀን ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ከቤተሰቡ አንዱ እንዲህ ካለ ደግሞ "እንዲህ አይባልም" ብላችሁ አታፍኑት። በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም።

ቤት ውስጥ የሚመታኝ ሰው አለ። መውጣት ተከልክሎ ወዴት እሄዳለሁ?

ቤት ለሁሉም ሰው መጠለያ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬዝ በኤፕሪል 2020 መንግሥታት በቤት ውስጥ የሚደርሰውን ጥቃት እንዲያስቆሙ ጥሪ ያቀረቡት ለዚህ ነው። ሕይወትን ለማዳን መውጣት ከገደቡ ይቀድማል። ፖሊስ፣ ጤና ተቋም ወይም የምታምኑት ሰው ዘንድ መሄድ ትችላላችሁ።

ከአንድ ሰው ጋር የምስጢር ቃል ተስማሙ፤ ያንን ቃል በስልክ ሲሰማ እርዳታ እንዲጠራ። መታወቂያ፣ የልጆች ሰነድ፣ መድኃኒትና ትንሽ ገንዘብ አንድ ቦታ ይሁን። ጠብ ሲነሣ ከማብሰያ ቦታና መውጫ ከሌለው ክፍል ራቁ። የደወላችሁበትን ቁጥር ከስልክ አጥፉ። በቪዲዮ ስታወሩ ድምፅ ሳታሰሙ እርዳታ መጠየቂያም አለ፤ የካናዳ ሴቶች ፋውንዴሽን በ2020 ያስተዋወቀው ነው። መዳፍን ወደ ካሜራው ማሳየት፣ አውራ ጣትን ወደ ውስጥ ማጠፍ፣ አራቱን ጣቶች በላዩ መዝጋት።

ይህንን ምልክት በስልክ ያያችሁ ከሆነ ስለ እርሱ ጮክ ብላችሁ አትጠይቁ። "አዎ" ወይም "አይ" ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ጠይቁ። ፖሊስ ልጥራ? ነገ ልደውል? ሲሏችሁ የተባለውን አድርጉ።

ገደቡ ተነሣ፤ እኛ ግን አልተስማማንም። አንዳችን መውጣት እንፈልጋለን፣ አንዳችን እንፈራለን።

በአንድ ጊዜ የሚከፈት ቤት የለም። መለኪያችሁ ከቤቱ ውስጥ በበሽታው ብዙ ሊጎዳ የሚችለው ሰው ይሁን። እርሱ የሚችለውን ያህል ሁላችሁም ጀምሩ። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ነገር ጨምሩ፦ አንድ ሳምንት ውጭ መንሸራሸር፣ በሚቀጥለው አንድ ጓደኛ ውጭ ማግኘት።

ልጅ መውጣት ከፈራ አትጎትቱት፣ ደግሞም ለዘለዓለም አትተዉት። ዛሬ እስከ በሩ፣ ነገ እስከ መንገዱ ጥግ። የቻይናዋ ዉሃን ከተማ በ2020 ለ76 ቀን ተዘግታ ነበር፤ ያን ያህል ቤት የቆየ ልጅ የመንገድ ድምፅ ቢያስደነግጠው አይገርምም። እጁን ያዙትና ሲመለስ የት ድረስ እንደሄደ እርሱ ራሱ ለቤቱ ይንገር።